ታንኳን ሙዚየም አያቆያትም፦ የጣና ልጆችን ውሃ ላይ ማስተማር ለምትፈልጉ

ታንኳ ትበሰብሳለች። ከዚህ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ። ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ተክል የታሰረች የጣና ታንኳ በየቀኑ ከውሃ ወጥታ፣ ፀሐይና ንፋስ አግኝታ፣ እንደ ልጅ ተይዛ እንኳ ብታገለግል ጥቂት ወር ነው። ከዚያ ውሃ ትጠጣለች፣ ትከብዳለች፣ ያበቃላታል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምራ ይኸው ቆማለች። የደሴቶቹ ብራናዎች ከዚያም በላይ የቆዩ አሉ። የአያቴን ታንኳ ላሳያችሁ የሚል ሰው ግን አታገኙም።

ስለዚህ "ቅርሳችንን እንጠብቅ" ብሎ አንዷን አሳስሮ የቢሮ ጥግ ላይ ማቆም አቧራ ከማስጠጣት አያልፍም። ታንኳ የምትቆየው የሚያስራት እጅ ሲኖር ነው። ያ እጅ ደግሞ ልጆች ካልተማሩት ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳርም፣ ዘጌም፣ ደቅም ሆናችሁ የሰፈር ልጆች ሰብስባችሁ ታንኳ ማሰር፣ መቅዘፍና ባሕሩን ማንበብ ለማስተማር ለምታስቡ ነው። ትልቅ ፕሮጀክት አያስፈልግም። ስምንት ልጅ፣ አንድ የታወቀ ታንኳ ሠሪ፣ ሁለት ጎበዝ ዋናተኛ፣ ገመድ፣ ጀሪካን፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው በጋ። በቃ። ከስምንት በላይ ልጅ አትውሰዱ፣ ውሃ ላይ ቆጥራችሁ አትጨርሱም።

(ባሕር ስል ጣናን ነው። ሐይቅ ነው ብላችሁ እንዳታርሙኝ፤ ከተማዋም ሐይቅ ዳር አልተባለችም።)

መጀመሪያ ማን ቤት ትሄዳላችሁ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማኅተም ይፈለጋል፣ ባነር ይታተማል፤ ታንኳ ሠሪው ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም ለምርቃቱ ቀን መጥቶ እንዲያሳይ። እናንተ ገልብጡት። የመጀመሪያው ቀን ሌላ ቦታ ሳትሄዱ ታንኳ ሠሪው ቤት ሂዱ።

ጣና ዳር በታንኳ ሥራ ከማንም በላይ የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ድሮ ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። ከደንገል ታንኳም ቅርጫትም ምንጣፍም ይሠራሉ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፣ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ብዙ ዘመን ደግሞ ጎረቤታቸው አብሯቸው ማዕድ አልቆረሰም፣ አልተጋባቸውም። ይሄን ሸፋፍኖ ማለፍ አያምርም፣ ምክንያቱም አሁን ልጆቻችሁን ይዛችሁ አስተምሩን የምትሉት እነሱን ነው። "ወይጦ" ብሎ ማሳጠሩ በብዙ ሰው አፍ እንደ ስድብ ስለኖረ ሙሉ ስማቸውን ጥሩ። ለሚያስተምሩት ሰውዬ እንደ አስተማሪ ክፈሉ፣ ሻይ ጋብዞ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ክፍያ አይደለም። ከስምንቱ ልጆች ሁለት ሦስቱ ደግሞ የእነሱ ልጆች ይሁኑ። አለበለዚያ ሙያቸውን ወስዳችሁ ልጆቻቸውን ዳር አቁማችሁ ማሳየታችሁ ነው።

ፕሮግራም ስታወጡም አስቡበት። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ዓርብ ቀትርና ረመዳን ላይ ትምህርት አትደርድሩ። የደሴቶቹ ልጆች በአብዛኛው ክርስቲያን ናቸው፤ እሑድም ትልልቆቹ በዓላትም ይለፉ። የሚጾም ልጅ የማንኛውም ሃይማኖት ቢሆን ባዶ ሆዱን ፀሐይ ላይ አይቅዘፍ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው፣ ፀሐዩ ንፋሱ ስለሚያቀዘቅዘው አይታወቅም እንጂ ያጠወልጋል።

ደሴት ላይ ከሆናችሁ ገዳሙን ሳትጠይቁ አንድ ነገር አትጀምሩ። ወደቡም መንገዱም ዛፉም በአብዛኛው የገዳሙ ነው። አባን ወይም መምሬን ሄዳችሁ ጉልበት ሳሙ፣ ምን እንደምታደርጉ በግልጽ ንገሩ። ደግሞ ደጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባባቸው አትርሱ። ሴት ልጆች ከቡድኑ መቅረት የለባቸውም፣ በዚህ አልደራደርም፣ ስለዚህ ጉዞ ስታቅዱ ሁሉም የሚወርድበትን ቦታ ምረጡ፦ ናርጋ ሥላሴ፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ሴቶቹን ጀልባ ላይ አስቀምጦ ወንዶቹን ብቻ ማስወረድ እንዴት እንደሚያስከፋ አንዴ አይቼዋለሁ፣ መመለሻው ላይ ማንም አላወራም።

ቀጥሎ እናቶች። "ልጄን ውሃ ይበላብኛል" የሚሉት ዝም ብለው አይደለም፣ ባሕር ዳር አድጎ የሰጠመ ሰው የማያውቅ የለም። አትከራከሯቸው። መጥተው ዋናውን ይዩ። ሁለቴ ያየች እናት ሦስተኛው ቀን የጎረቤቷን ልጅ ጨምራ ትልካለች።

ዋናው ነገር ዋና ነው

ቀልድ ይመስላል፣ ግን አይደለም። እኛ የመጀመሪያው ጊዜ በማሰር ነው የጀመርነው። ልጆቹ ታንኳዋን እንደጨረሱ ማን ያዝ ያደርጋቸዋል? አንዱ ወገቡ ድረስ በሚደርስ ውሃ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ወገቡ ድረስ! ቆሞ መሄድ ይችል ነበር። ግን ደነገጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሁለት ሆነን አወጣነው። ታንኳዋ አንድ ወር ሙሉ ዳር ላይ ቆመች፣ እኛም ወደ ዋና ተመለስን። ከዚያ ወዲህ ያልዋኘ ልጅ ታንኳ ላይ አይወጣም፤ አባቱ ጀልባ ነጂም ቢሆን፣ ራሱ "እችላለሁ" ብሎ ቢምልም።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ልብሱን እንደለበሰ 25 ሜትር ይዋኝ፣ ከዚያ ሳይወጣ ጀርባው ላይ ተኝቶ አምስት ደቂቃ ይንሳፈፍ። ከሁለቱ መንሳፈፉ ይበልጣል። ጎበዝ ዋናተኛም ይደክማል፣ ደክሞት መንሳፈፍ የሚችል ግን ሰው እስኪደርስለት ይቆያል። ስታስተምሩ እጃችሁን ከጀርባው ሥር አድርጉለት፣ ጆሮው ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ሰማይ ይይ፣ ትንፋሹን ሞልቶ ይያዝና ቀስ ብሎ ይልቀቅ። አብዛኛው ልጅ የሚሰምጠው አንገቱን ቀና አድርጎ ለመቀመጥ ስለሚሞክር ነው። ጭንቅላት ቀና ሲል እግር ይወርዳል። ይህን ከገባው እጃችሁን ማንሳታችሁን ራሱ አያውቅም።

ቦታ ምርጫ ላይ አትቸኩሉ። ሣርና ጭቃ የበዛበት ዳር ቀንድ አውጣ አለው፣ ቀንድ አውጣ ባለበት የቢልሃርዝያ ትል ሊኖር ይችላል፤ ጣና ዳር ያለ ችግር ነው። ድንጋያማ ወይም አሸዋማ፣ ውሃው ንጹህ የሆነ ዳር ፈልጉ። ጠዋት በማለዳ ይሁን፤ ትሏ ከቀንድ አውጣው በብዛት የምትወጣው ፀሐይ ጠንከር ሲል፣ ወደ እኩለ ቀን ነው። ሲወጡ ቶሎ በፎጣ ይደረቁ። በዓመት አንዴ ልጆቹን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመርምሩ፣ ከተገኘባቸው የሚዋጥ መድኃኒት አለው። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ በሽታውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፣ ስለዚህ ምርመራዋን አትዝለሉ።

ጉማሬ ደግሞ አለ። በተለይ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ። ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ሊነጋ ሲል ይመለሳል። እሱ ወደ ውሃው ሲመለስ መሃል ላይ መገኘት ነው ትልቁ አደጋ። ስለዚህ ሳይነጋ ደንገል ውስጥ አትግቡ፣ መውጫ መግቢያ መንገዱን አሮጌ ዓሣ አጥማጆችን ጠይቁ፣ እነሱ እንደ ሰፈር ውሻ ነው የሚያውቁት።

ስለ ማዳን አንድ ነገር በቃል ይያዙ፦ ዘርጋ፣ ወርውር፣ ቅዘፍ። መጀመሪያ ዘንግ ትዘረጋለህ። ካልደረሰ ገመድ የታሰረበት ጀሪካን ትወረውራለህ። ካልሆነ በታንኳ ትሄዳለህ። ልጅ ልጅን ለማዳን ዘሎ አይገባም፣ ሁለቱም ይሄዳሉ። ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አምስት ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል፣ ውሃ ውስጥ ያለን ልጅ አፍንጫ ከውሃ በላይ ለማቆየት ይህ ይበቃል። ግን ጀሪካን ይዘው ካልለቀቁት ነው የሚያድነው፤ ራሱን የሳተ ልጅ ጀሪካን አይዝም። ለዚህ ነው ላይፍ ጃኬት የግድ የሚሆነው።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶች "ምን እንላክ" ስትሉ መልሱ ይኸው። ግን ልኩን እዩ። እዚያ የልጆች ላይፍ ጃኬት በፓውንድ ነው የሚለካው፤ ከ30 እስከ 50 ፓውንድ የሚለው ከ14 እስከ 23 ኪሎ ላለ ልጅ ነው፣ ከ50 እስከ 90 የሚለው ከ23 እስከ 41 ኪሎ። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ "ያድግበታል" ተብሎ አይሰጥም። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ልጁ ወደ ታች ይሄዳሉ። አልብሳችሁ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮው ድረስ ከወጣ ሰፍቶታል።

ደንገል

አሁን ወደ ሚጣፍጠው መጣን። ደንገል ግንዱ ሦስት ማዕዘን ነው፣ ልጆቹ በጣታቸው ይዳስሱት። ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የሞላበት ነጭ ነገር ነው፣ ታንኳዋን የሚያንሳፍፋት እሱ ነው። አረንጓዴው ልጣጭ ደግሞ ውሃ እንዳይገባ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የታጠፈ፣ የተሰነጠቀ፣ የተረገጠ ግንድ ዋጋ የለውም። ይህን በቃል ከምትነግሯቸው አሳዩዋቸው፦ ሁለት እኩል የሆኑ የደረቁ ግንዶች ይምጡ፣ አንዱን በቢላ ሰንጥቁት፣ ሁለቱንም ሳፋ ውስጥ ጨምሩና ማታውን ይደሩ። ጠዋት እያንዳንዱ ልጅ በእጁ ያንሳቸው። ከዚያ በኋላ ደንገል የሚረግጥ ልጅ አታዩም፣ እርስ በርሳቸው ነው የሚቆጣጠሩት።

ሲቆረጥ የበሰለው ብቻ ይቆረጥ፣ ሥሩ አይነካ፣ ገና የሚያድገው ይቀመጥ። አንድ ቦታ ሙልጭ አድርጋችሁ አትውሰዱ። ደንገል ውስጥ ዓሣ ይራባል፣ ወፍ ይሠፍራል፣ ከማሳ የሚመጣውን ደለል ያጣራል፤ እየሳሳም ነው፣ ዳሩ እየታረሰ። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ክልል (ተፈጥሮውም የነዋሪው ኑሮም አብሮ የሚጠበቅበት ቦታ) አድርጎ መዝግቦታል፣ ስለዚህ የምትቆርጡበትን ቦታ አስቀድማችሁ ከሚመለከተው ጋር ተነጋገሩ። ለትምህርት የሚያስፈልጋችሁ የአንድ ታንኳና የጥቂት ሞዴሎች ነው።

ማድረቁ ላይ ትዕግሥት። ሜዳ ላይ ተዘርግቶ፣ እየተገላበጠ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ እስኪሄድና እጅ ላይ እስኪቀል። ስንት ቀን ብላችሁ እኔን አትጠይቁ፣ የአየሩ ጉዳይ ነው፤ ሠሪው አንዱን አንስተው ጨበጥ አድርገው "ደርሷል" ወይም "ገና" ይላሉ። ልጆቹም እንዲህ ጨብጠው ይገምቱ፣ ከዚያ እሳቸው ይፍረዱ። የመጨረሻው ሳምንት ላይ ትክክል የሚገምት ልጅ ይወጣል፣ ያን ቀን የሠሪውን ፊት ተመልከቱ።

ማሰር

በክንድ በምታክል ሞዴል ጀምሩ። ሁለት ሁለት ሆነው። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ጠማማ ይሆናሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ይፈታሉ፤ እሰዬው። ሳፋ ውስጥ የተገለበጠች ሞዴል ባሕር ላይ ከተገለበጠች ታንኳ በብዙ ትሻላለች። ከዚያ ሁሉም ሆነው አንድ እውነተኛ ታንኳ ያስራሉ።

በደፈናው ሥራው ይሄ ነው፦ ደንገሉ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተያይዘው ወለልና ጎን ይሆናሉ፣ ፊቷ እየቀጠነ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ውስጧ ደግሞ ሰው ወይም ዕቃ የሚቀመጥበት ሌላ የደንገል ንጣፍ ይደረጋል። ተቀማጩን ከእርጥበት ከፍ ያደርገዋል፣ ለብቻው ወጥቶም ይደርቃል። እኔ ይህቺን ንጣፍ ሳያት ሁልጊዜ እደነቃለሁ፤ ታንኳዋ ውሃ መጠጣቷን አውቀው፣ ተቀብለው፣ መላ ዘየዱላት።

ማሰሪያው ድሮ የዛፍ ልጥ ነበር፣ አሁን ናይለን ገመድ ይበዛል። ልጆቹ ትልቋን በናይለን ይሰሯት፣ ሞዴሎቹን ግን በልጥ። ልጥ መላጥ፣ ማራስ፣ መግመድ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፣ ናይለን ሱቅ ሲጠፋ ደግሞ ትዝ ይላችኋል።

ታንኳ ሠሪው ብዙ አይናገሩም፣ ይህን ጠብቁ። "እንዴት ነው የሚጠብቀው?" ስትሏቸው "እንዲህ ነው" ብለው ጉልበታቸውን ነዶው ላይ ተክለው ይስቡታል። በቃ እሱ ነው ማብራሪያው። መሃል ገብታችሁ አትተርጉሙላቸው። የእናንተ ሥራ አንድ ልጅ ደብተር ይዞ አጠገባቸው እንዲቀመጥ ማድረግ ነው፦ የእያንዳንዱን ክፍል ስም፣ የእያንዳንዱን ቋጠሮ ስም ከእሳቸው አፍ ይጻፍ፣ ሥዕሉም ይሣል። እነዚህ ቃላት እንደ ታንኳዋ ናቸው፣ የሚጠራቸው ከሌለ ይሄዳሉ።

ልጆቹ ሲሰለቹ የምነግራቸው አንድ ታሪክ አለ። በ1969 እ.ኤ.አ. ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ ከዚሁ ከጣና ደንገል አስቆርጦ ግብጽ ድረስ አስወሰደና "ራ" የምትባል ትልቅ የደንገል ጀልባ አሠራ። አሳሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክን ልታቋርጥ ወጣች። ግን የኋላዋ እየወረደ፣ ውሃ እየገባባት፣ ሳትደርስ ተተወች። በዓመቱ፣ በ1970፣ ከቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ያሰሯት ሁለተኛዋ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ልጆቹን "የመጀመሪያዋ ለምን አልደረሰችም?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ሞዴላቸውን እያገላበጡ ጅራቷን ያያሉ። ደንገላችን አትላንቲክ ላይ ወጥቷል ብሎ መኩራት ጥሩ ነው፣ ቋጠሮን ማጥበቅ ግን ይበልጣል።

መቅዘፍ፣ ንፋስ፣ ማዕበል

መጀመሪያ ምድር ላይ። ታንኳዋ ሣር ላይ ትቀመጥ፣ ልጁ ይቀመጥባት፣ ዘንጉን ይያዝ፣ ግራ ቀኝ ይበል። ያስቃል፣ ግን መቀመጥ የሚማረው እዚህ ነው፦ መሃል ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሳይነሳ። ከዚያ ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ፣ ታንኳዋ 20 ሜትር ገመድ ታስራ፣ ገመዱን አዋቂ ይዞ። ከዚያ ገመዱ ይፈታል፣ ግን ዳር ዳሩን ብቻ። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ማቋረጥ የሚመጣው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፣ ያውም ሞተር ጀልባ ከጎን እየሄደ።

ሰዓት ላይ ጨካኝ ሁኑ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ውሃ ላይ፣ ከ4 ሰዓት በፊት ምድር ላይ። ጠዋት ጣና እንደ መስተዋት ይተኛል። ቀን ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ በቦታው ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፤ ከቀትር በኋላ ንፋሱ የሚነሳው ለዚህ ነው። ጣና ደግሞ ሰፊ ነው፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፣ ግን ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል፤ አንዱን አልፈህ ሳትተነፍስ ሁለተኛው ይመጣል። ልጆቹ ማዕበል ከያዛቸው ጎናቸውን አይስጡት፣ የታንኳዋን ፊት ወደ እሱ ያዙሩ። ክረምት ላይ ወጀብና መብረቅ ስላለ ከሰኔ እስከ መስከረም ትምህርቱ ምድር ላይ ነው፦ ገመድ፣ ቋጠሮ፣ ታሪክ።

አንድ የአሮጌ ዓሣ አጥማጆች ዘዴ አለ፣ ሁሉም ልጅ ይማረው። ፊት ለፊት ሁለት ምልክት ምረጥ፣ አንዱ ቅርብ አንዱ ሩቅ፣ ለምሳሌ አንድ ዋርካና ከኋላው የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ እስካሉ ቀጥ ብለህ እየሄድክ ነው። ጉልላቱ ከዋርካው ወደ ግራ ከወጣ ወደ ግራ ተገፍተሃል፣ ወደ ቀኝ ከወጣ ወደ ቀኝ። ይህን አንዴ ያወቀ ልጅ ባዶ ዓይኑን ባሕር ላይ አይወጣም።

ደብተር ይያዝ ብያለሁ? ዳር ላይ አንድ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ምልክት አድርጉና ውሃው የት እንደደረሰ ልጆቹ በየሳምንቱ ይጻፉ። መስከረም አካባቢ ይሞላል፣ ግንቦት ላይ ይወርዳል፣ ያኔ ክረምት የማይታዩ ድንጋዮች ብቅ ይላሉ። የእያንዳንዱን ድንጋይ ቦታ ሥዕል ላይ ያስፍሩ፣ የመጀመሪያው የራሳቸው ካርታ ይሆናል። ውሃው ደግሞ በዝናብ ብቻ አይደለም የሚወጣ የሚወርደው፤ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጨራ ጨራ ላይ ያለው ግድብና ለኤሌክትሪክ ወደ በለስ የሚሄደው ውሃም ይወስኑታል። በ2003 እ.ኤ.አ. ሐይቁ በጣም ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር። ታንኳ ግን ጥልቅ ውሃ አትጠይቅም።

"ሸራስ?" የሚል ልጅ አይጠፋም። ሞዴሏ ላይ በፌስታል ሸራ ይሥራላት፣ ደስ ይላል፣ ንፋስን ያስተምራል። ትልቋ ላይ ግን አይሆንም። ታንኳ ከሥሯ ውሃውን የሚቆነጥጥ ነገር የላትም፣ ስለዚህ ሸራ ብትሰቅሉባት ንፋሱ ወደሚሄድበት ትሄዳለች እንጂ ወደምትፈልጉት አትሄድም፣ መመለሻውም በክንድ ነው።

እምቦጭ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ የተጠቀጠቀውን አረንጓዴ ሰብሮ ማለፍ አይሞከርም። ዘንግ ይይዛል፣ የሞተርን ክንፍ ይጠመጥማል፣ ከላይ ሲያዩት ሜዳ ስለሚመስል ልጅ ሊረግጠው ይቃጣዋል። እሱን ስታዩ ዞራችሁ ተመለሱ።

ታሪኩን እየቀዘፋችሁ

ክፍል ውስጥ አስቀምጣችሁ ስለ ጣና ታሪክ አንድ ሰዓት አትተንትኑ። የደጋ እስጢፋኖስን ደሴት ከሩቅ እያያችሁ ጠይቁ፦ ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዘድንግል፣ ፋሲል፣ የእነዚህ ሁሉ ነገሥታት አጽም እዚያ ደሴት ላይ ነው የሚባለው፤ ታዲያ ሞተር በሌለበት ዘመን በምን ተሻገረ? ልጆቹ ዘንጋቸውን አቁመው ያስባሉ። ዘጌ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ማገዶ ጭነው በታንኳ ለባሕር ዳር ገበያ ይሻገሩ የነበሩትን ጠይቁ፣ ስንት ሰዓት ይነሱ እንደነበር፣ ንፋስ ሲይዛቸው የት ይጠጉ እንደነበር። እያንዳንዱ ልጅ አያቱን በስልክ ይቅረጽ፣ አስፈቅዶ። ትንሽ ከፍ ያሉት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለውቅያኖስ መርከቦች ባለሙያ የሚያሠለጥን ተቋም እንዳለው ይወቁ። ወደብ በሌላት አገር ይሄ ብዙ ሰው ያስገርማል፣ ለጣና ልጅ ግን መጀመሪያው እዚሁ ደጁ ላይ ነው።

ገንዘብ? ትንሽ ነው የሚበላው፣ ትልቁ ወጪ የታንኳ ሠሪው ክፍያና ጃኬት ነው። ሞዴሎቹን ለቱሪስት መሸጥ ይቻላል፣ ገቢው የልጆቹ ደብተርና ሳሙና ይሁን። ግን ሽያጩ ትምህርቱን ሲያስቀር ካያችሁ አቁሙት። ቱሪስት ሲያይ ከክፍል የሚወጣ ልጅ በወሩ ከትምህርት ቤትም ይወጣል።

ግንቦት ላይ ታንኳችሁ ትከብዳለች። ሦስት ልጅ ያወጣት የነበረችውን ስድስት አያወጣትም። ልጆቹ እንድትጠገን ይለምኗችኋል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። አትጠግኗት። ዳር አውጥታችሁ ራሳቸው ይፍቷት፣ እያንዳንዱን ነዶ ከፍተው የትኛው ቦታ ቀድሞ እንደበሰበሰ ይዩ፣ ደብተር ላይ ይጻፉ። ደንገሉን ለጓሮ ማዳበሪያ ስጡት። ናይለኑን አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ጥቅምት ላይ ይፈለጋል፣ ያኔ አዲሶቹን ልጆች የሚያሳስሩት እነዚህ ናቸው።